የነጋዴው መዝገብ ወደ ክላውድ ሲጓዝ መንገዱ ጠቧል

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት በርካታ ሱቆችን ከነዕቃቸው አውድሟል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ኪሳራው የሚሰላው በጣቃ፣ በካርቶንና በኮንቴይነር ነው። ነጋዴው ግን ከዕቃው ሌላ የሚያጣው ነገር አለ። ለክፍለ ሀገር ደንበኞች በዱቤ የተለቀቀው ዕቃ ስንት እንደሆነ፣ ማን ከፍሎ ማን እንደቀረበት፣ የትኛው ቼክ መቼ እንደሚመነዘር የሚናገረው መዝገቡ ብቻ ነው። የተቃጠለ ዕቃ ተበድሮም ቢሆን ይተካል። የዱቤ መዝገብ ሲጠፋ ግን ባለዕዳው በፈቃዱ ካልመጣ በቀር የሚጠየቅበት ማስረጃ የለም።

ድሮ መዝገቡ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። ባለቤቱ ሱቁን ሲዘጋ በብብቱ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሳት ቢነሳ መዝገቡ ሌላ ሰፈር ያድራል። ዛሬ ሒሳቡ ፒችትሪ ውስጥ ገብቷል፤ ፒችትሪው ያለበት ኮምፒዩተር ደግሞ ሱቁ ውስጥ ያድራል። ቅጂ የሚያስቀምጡት እንኳ ብዙዎቹ በፍላሽ ገልብጠው እዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉታል። በዚህ በኩል ሲታይ ዘመናዊው አሠራር ከደብተሩ ዘመን ወደ ኋላ የሄደ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚቀርበው አገልግሎት የመጠባበቂያ ቅጂን በኢንተርኔት አማካይነት ሌላ ቦታ ወደሚገኝ ዳታ ማዕከል ማሻገር ነው። በተለምዶ «ክላውድ ባክአፕ» ይባላል። ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል፤ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክም የግል ዳታ ማዕከላት ተገንብተዋል። የውጭዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎችም በራቸው ክፍት ነው። ሻጮቹ ሲያስተዋውቁ ጎላ አድርገው የሚናገሩት ስለ ማከማቻው ስፋት ነው። ደንበኛው ውል ፈርሞ ሥራ ሲጀምር የሚያጋጥመው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ዕቃው የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ሆኖ ይገኛል።

ማከማቻው ራሱ ውድ አይደለም። አማዞን በአሜሪካ ምሥራቅ በሚገኙ ማዕከሎቹ በመደበኛው ማከማቻ ለአንድ ጊጋ ባይት በወር የሚጠይቀው 2.3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። 100 ጊጋ ባይት የሚያክል የአንድ መካከለኛ ነጋዴ መረጃ በወር ሁለት ዶላር ከሠላሳ ሳንቲም ቢያስወጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ ሲታሰብ የዶላር ሒሳብ የሚያሳስበው ነጋዴ ጥቂት አይደለም። እንዲያም ሆኖ ይህን ያህሉ ወጪ የአንድ ቀን የጉልበት ሠራተኛ ሒሳብ አያክልም። ዋናው ወጪና ዋናው ጣጣ ያለው መስመሩ ላይ ነው።

ቢትና ባይት

የመጀመሪያው አለመግባባት የሚነሳው ከመለኪያው ነው። መስመር ሻጩ የሚያወራው በሜጋ ቢት ሲሆን፣ መረጃ የሚቆጠረው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። የቡና ነጋዴ ፈረሱላን ከኪሎ ጋር አያሳስትም፤ አሥራ ሰባት ጊዜ እንደሚከስር ያውቃል። «የአሥር ሜጋ» መስመር ገዝቶ በሰከንድ አሥር ሜጋ ባይት የሚልክ የመሰለው ደንበኛ ግን ስምንት ጊዜ ተሳስቷል።

ሁለተኛው ነገር መስመሩ ሲወርድና ሲወጣ እኩል አለመሆኑ ነው። በመዳብ ሽቦ የሚሠራው ኤዲኤስኤል ገና ሲፈጠር የታሰበው ከኢንተርኔት ለሚያወርድ ሰው ስለሆነ፣ ለመላኪያ የተተወለት ጎዳና እጅግ ጠባብ ነው። ፋይበር የገባላቸው ሕንፃዎች የተሻለ ዕድል ቢኖራቸውም፣ እዚያም ቢሆን ውሉ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር የመውረጃው ሊሆን ስለሚችል መላኪያውን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚጓዘው በመላኪያው በኩል ነውና።

አንድ አስመጪ ይታሰብ። ቢሮው ውስጥ ያለው መረጃ በጠቅላላው 400 ጊጋ ባይት ነው። ከዚህ ውስጥ የሒሳብ መዝገቡ 15 ጊጋ ባይት፣ ስካን የተደረጉ የባንክና የጉምሩክ ሰነዶች 135 ጊጋ ባይት፣ የቀረው 250 ጊጋ ባይት የጥበቃ ካሜራ ቀረጻ ነው። መስመሩ 10 ሜጋ ቢት ያወርዳል፣ 2 ሜጋ ቢት ይልካል። ሁሉንም ልላክ ቢል መስመሩ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ሞልቶ ቢሠራ እንኳ 18 ቀን ተኩል ይፈጅበታል። ካሜራውን ቢተወው 150 ጊጋ ባይቱ በሰባት ቀን ያልቃል። ሰነዶቹ ታምቀው ወደ 100 ጊጋ ባይት ቢወርዱና የሚላከው ሌሊት ስምንት ሰዓት ብቻ ቢሆን 14 ሌሊት ይበቃዋል። አስመጪው እስካሁን አንድ ሳንቲም አላወጣም። የሠራው ሥራ የሚላከውንና የማይላከውን መለየት ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በር ላይ ያለፈው ሰው ምስል ክላውድ ላይ መቀመጡ ምን እንደሚጠቅም ሊገልጽ የሚችል ነጋዴ ብዙ አይገኝም።

ሰነዶቹ መታመቃቸውም ዓይነታቸውን ይመለከታል። የሒሳብ ፋይል ሲታመቅ በደንብ ይቀንሳል፤ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ቀድሞውኑ የታመቁ ስለሆኑ ንቅንቅ አይሉም። መረጃው በምስጢር ቁልፍ ከተቆለፈ በኋላ ማመቅም ከንቱ ድካም ነው። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማመቅ፣ ቀጥሎ መቆለፍ ነው።

የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ አንዴ ከተሻገረ በኋላ ሸክሙ ይቀላል። ከዚያ ወዲህ የሚላከው በየቀኑ የተለወጠው ብቻ ነው። አስመጪው በቀን 3 ጊጋ ባይት አዲስ ነገር ቢያጠራቅም በ2 ሜጋ ቢት መስመር ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ መስመሩ የተመጠነ የሚባለው በየቀኑ የሚለወጠው በተመደበለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ሲችል ነው። ማለቅ ካልቻለ የዛሬው ወደ ነገ፣ የነገው ወደ ተነገ ወዲያ እየተንከባለለ ይከማችና፣ አንድ ቀን አደጋ ሲደርስ ክላውዱ ላይ ያለው ቅጂ የአሥር ቀን ያረጀ ሆኖ ይገኛል። በአሥር ቀን ስንት ዱቤ እንደሚለቀቅ ነጋዴው ያውቀዋል።

ለመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ሌላ መንገድ አለ። መረጃውን በዲስክ ገልብጦ፣ በቁልፍ ዘግቶ፣ ለአገልግሎት ሰጪው በእጅ ማስረከብ ነው። አገልግሎት ሰጪው እዚያው አዲስ አበባ ከሆነ በታክሲ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው። ዘዴው ኋላ ቀር ቢመስልም አማዞን እ.ኤ.አ. በ2015 «ስኖውቦል» የተባለ ሻንጣ የሚያክል ዲስክ ለደንበኞቹ በፖስታ መላክ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በትልቅ የጭነት መኪና የሚጎተት ኮንቴይነር ሙሉ ማከማቻ ይዞ ቀርቧል። የዓለም ትልቁ ክላውድ ሻጭ ኢንተርኔቱ አላዋጣው ሲል ዕቃውን በመኪና ጭኗል።

ቀን ሲላክ ምን ይሆናል?

መስመሩ በሥራ ሰዓት በመጠባበቂያ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጮኸው ሒሳብ ክፍሉ ነው። የባንክ ገጽ አልከፍት ይላል፤ የጉምሩክ አስተላላፊው በኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት ሰነድ ሊያስገባ ሲሞክር ይቋረጥበታል። ባለቤቱ ቴሌ ደውሎ መስመሩ ዘገየ ብሎ ይናገራል። ቢለካ ግን የመውረጃው መስመር ባዶ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ግልጽ ነው፤ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልስ በመላኪያው በኩል መመለስ አለበት። መላኪያው በመጠባበቂያ ተጨናንቆ ያ አጭር መልስ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ላኪው ወገን ዕቃው ያልደረሰ እየመሰለው ፍጥነቱን ይቀንሳል። በመሆኑም መላኪያው ሲታነቅ መውረጃውም አብሮ ይታነቃል።

መፍትሔው ልጓም ነው። የመጠባበቂያ ሶፍትዌሮቹ በአብዛኛው በየሰዓቱ የተለያየ ጣሪያ እንዲደረግ ይፈቅዳሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከ2 ሜጋ ቢቱ ግማሽ ሜጋ ቢት ብቻ እንዲወስድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሙሉውን እንዲጠቀም ማድረግ ይቻላል። ልጓሙ በየኮምፒዩተሩ ላይ ሲደረግ ግን አንድ ጉድለት አለው። አራት ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜጋ ቢት ቢፈቀድላቸው አንድ ላይ ሲነሱ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ይይዙታል። ከአንድ በላይ ኮምፒዩተር ያለው ቢሮ ድምሩን ራውተሩ ላይ ቢገድበው ይሻለዋል። ሌላው አማራጭ ሁሉም ኮምፒዩተሮች ቢሮው ውስጥ ወዳለ አንድ ማከማቻ ገልብጠው፣ ወደ ውጭ የሚልከው ያ አንዱ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህኛው በጣም ይመረጣል፤ አንድ ፋይል በስህተት ሲሰረዝ ከክላውድ እስኪወርድ ሳይጠበቅ ከዚያው ከቢሮው ይመለሳል።

«ሌሊት ይላክ» የሚለው ምክር ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ የውጭ አገሩ ቢሮ ኮምፒዩተር ሌሊቱን በርቶ ያድራል። የአዲስ አበባ ነጋዴ ግን ሱቁን ሲዘጋ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ መሄድ ልማዱ ነው። እሳት ስለሚፈራ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። እንግዲህ ሶፍትዌሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲጀምር ታዞ ኮምፒዩተሩ ጨለማ ውስጥ ከሆነ፣ መጠባበቂያው ለወራት ሳይላክ ቀርቶ ማንም ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ላለው ቤት የምሳ ሰዓት፣ ቅዳሜ ከሰዓትና ቀኑን ሙሉ በልጓም የሚንጠባጠበው ግማሽ ሜጋ ቢት ከሌሊቱ ይሻሉታል። 3 ጊጋ ባይት በግማሽ ሜጋ ቢት 13 ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ስለሚፈጅ ለብቻው አይበቃም፤ የምሳ ሰዓቱ ሙሉ መስመር ሲታከልበት ግን ይደርሳል። መብራት በመሀል ቢጠፋ ሶፍትዌሩ ካቆመበት የሚቀጥል መሆኑም ከመግዛት በፊት መጠየቅ አለበት። ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ ለዚህ ከተማ አልተሠራም።

በአገልግሎት ሰጪው በኩል

የደንበኛው መስመር ቢስተካከልም ወዲያ ማዶ ሌላ በር አለ። አገልግሎት ሰጪው የሚያስገባበት መስመርም የተወሰነ ስፋት ያለው ነው። ደንበኞቹ ሁሉ ሰዓታቸውን እኩለ ሌሊት ላይ ከሞሉ በዚያች ደቂቃ ሁሉም በሩ ላይ ይገፋፋሉ። የሠለጠነ አገልግሎት ሰጪ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የመግቢያ ሰዓትና የፍጥነት ጣሪያ ይመድባል። እንደ ቪም ያሉ የመጠባበቂያ ሶፍትዌሮች እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በአገልግሎት ሰጪ በኩል የሚሠራ ዘዴ ሲያቀርቡ፣ አገልግሎት ሰጪውም በየደንበኛው ላይ ገደብ የሚጥልበት መሣሪያ አብሮ አለ።

ለደንበኛው ዋናው ጥያቄ ገደቡ ስንት እንደሆነና ውሉ ላይ መጻፉ ነው። «እስከ 20 ሜጋ ቢት» እና «ቢያንስ 4 ሜጋ ቢት» የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። መጀመሪያው የአውሮፕላን ተጠባባቂ ትኬት ነው፤ ቦታ ከተገኘ ይሳፈራል። ሁለተኛው የተቆረጠ ወንበር ነው፤ ዋጋውም ለዚያ ነው። ሻጩ አንዱን መንገድ ለብዙ ሰው መሸጡ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠቀምም ከሚል ስሌት ነው። ነውሩ ለስንት ሰው እንደሸጠ ሲጠየቅ ሲሸሽ ነው።

ማዕከሉ የት እንዳለ ማወቅም ከመስመሩ ጋር ይገናኛል። ወደ ውጭ አገር የሚላክ መረጃ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ወደ ባሕር ኬብል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ተበጥሰዋል፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ የሚከተሉት ኢሲና ሲኮም የተባሉት ተቆርጠው የኬንያና የታንዛኒያ ኢንተርኔት ተንቀራፏል። አገር ውስጥ ያለ ማዕከል ከዚህ ጣጣ ይርቃል። ሕጉም ወደዚያው ያደላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ከአገር ማውጣትን በሁኔታዎች ስለሚገድብ፣ የደንበኞቹን ስም፣ ስልክና መታወቂያ የያዘ ነጋዴ ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት ጠበቃ ቢያማክር አይጎዳም።

ይሁን እንጂ «ክላውድ ላይ ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ አንዱ ዳታ ማዕከል ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል፣ መጠባበቂያቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ካሳ ተፈርዶለታል። የደቡብ ኮሪያው ደግሞ ከመስመር ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በዴጆን ከተማ የመንግሥት ዳታ ማዕከል ውስጥ ከባትሪ የተነሳ እሳት ከ600 በላይ የመንግሥት አገልግሎቶችን አቋርጦ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበትን «ጂ ድራይቭ» ከ858 ቴራ ባይት መረጃ ጋር በላው። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። የተሰጠው ምክንያት መጠኑ በጣም ትልቅ ስለነበረ ውጭ ማስቀመጥ አልተቻለም የሚል ነው። በኢንተርኔት ፍጥነቷ ዓለም የሚቀናባት አገር «አልቻልንም» ካለች፣ ሁሉንም ልላክ የሚል ነጋዴ ቆም ብሎ መለየት እንዳለበት ያሳያል።

መስመሩን የሚቆጣጠር ሰው ሌላም ጥቅም ያገኛል። በየቀኑ 3 ጊጋ ባይት የሚልክ ቢሮ አንድ ቀን ጠዋት 60 ጊጋ ባይት ሊልክ ቢሞክር፣ አንድም አንድ ሰው ፊልም ከምሯል፣ አንድም ፋይሎቹን ሁሉ እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ገብቷል። ቫይረሱ የነካው ፋይል ሁሉ «የተለወጠ» ሆኖ ስለሚታይ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ሊልከው ይነሳል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው መላኩን ማቆምና የቀደሙትን ቅጂዎች ከመሰረዝ ማዳን ነው። የቀደሙት ቅጂዎች ለተወሰኑ ቀናት በማንም፣ በባለቤቱም የይለፍ ቃል ቢሆን እንዳይሰረዙ የሚያደርግ አገልግሎት ለዚህ ጊዜ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2014 «ኮድ ስፔስስ» የተባለው ኩባንያ የክላውድ ሒሳቡ በዘራፊ እጅ ገብቶ መረጃውም መጠባበቂያዎቹም ስለተሰረዙበት በዚያው ተዘግቷል።

ሲመለስ

መንገዱ በተቃራኒው ሲታይ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ከአደጋ በኋላ መረጃው የሚመለሰው በመውረጃው ነው። 100 ጊጋ ባይቱ በ10 ሜጋ ቢት 22 ሰዓት ይፈጃል። ዱቤውን የያዘው 15 ጊጋ ባይት ብቻ ቀድሞ ይምጣ ቢባል ግን በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ ሒሳቡ ለብቻው፣ ሰነዱ ለብቻው ተከፍሎ እንዲቀመጥ ከመጀመሪያው ማዘዝ ይገባል። አንድ ላይ ታስሮ ከተቀመጠ አንዱን ለማውጣት ሁሉንም መጎተት ሊጠይቅ ይችላል።

መውጫው ክፍያ እንዳለውም ልብ ይሏል። የውጭዎቹ ኩባንያዎች ማስገቢያ አያስከፍሉም፤ ማስወጫ ያስከፍላሉ። አማዞን በወር ከመጀመሪያው 100 ጊጋ ባይት በኋላ ለእያንዳንዱ 9 ሳንቲም ይጠይቃል። ለአስመጪው ይህ ከቁጥር የማይገባ ነው። 20 ቴራ ባይት ላለው ፋብሪካ ግን ከ1,700 ዶላር በላይ ይመጣል፤ እሱም በውጭ ምንዛሪ ነው። የአገር ውስጥ አገልግሎት ሰጪ ጋር የሚዋዋል ሰው በአደጋ ጊዜ መረጃው በዲስክ ተገልብጦ በስንት ሰዓት እንደሚሰጠው፣ በስንት ብር እንደሆነም አብሮ ቢያስጽፍ ይሻላል። ቢሮው ራሱ ከተቃጠለ መስመሩም አብሮ ስለሚቃጠል የሚያወርድበት ኢንተርኔት አይኖረውምና።

ሙከራ ያላደረገ ደንበኛ ይህን ሁሉ በወረቀት ብቻ ነው የሚያውቀው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባዶ ኮምፒዩተር ተቀምጦ የሒሳቡ 15 ጊጋ ባይት ከክላውድ ይወርዳል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪውን ከፍታ የትናንቱን የዱቤ ሚዛን በወረቀት ከታተመው ጋር ታስተያያለች። ፒችትሪው ክፍት ሆኖ በሥራ ላይ ሳለ የተገለበጠ ፋይል አልከፈት የሚለው ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ሰዓት ነው።